ዓሳ በቤት ለማርባት ጀማሪ ነኝ፣ እርዱኝ እስቲ

የማርታ እናት፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ልጄ ዓሳ ካልገዛሽልኝ ብላ ቁም ስቅሌን እያሳየችኝ ነው። ፒያሳ አንድ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ከነፊልተሩ አየሁ፣ ሻጩ ዛሬውኑ ሞልተሽ 6 ጎልድፊሽ ጨምሪበት ይለኛል፣ ይሆናል? ደሞ እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው መብራቱም እንደምታውቁት ነው፣ ይቅርብኝ ወይስ ልግባበት?

ጋፒው፦
ኧረ እህቴ እንዳታደርጊው! አኳሪየሙን ዛሬ ግዢ ዓሳውን ግን አቆይው። ዓሳ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያው ራሱን መልሶ ይመርዘዋል፣ እሱን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ከዛ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ስፖንጅ ላይ ነው የሚባዙት፣ ለዛ ደሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። እስከዛ ፊልተሩን ሳታጠፊ በየቀኑ ቆንጠር እያረግሽ የዓሳ ምግብ ጣይበት፣ ሲበሰብስ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ ነው። አኳሪየም ያለው ሰው ካወቅሽ ከስፖንጁ ቆርጦ ይስጥሽ፣ በጣም ያፈጥንልሻል። ጎልድፊሽ ያድጋል፣ ያቆሽሻል፣ ለ6ቱ 60 ሊትር የትም አይደርስም። ጋፒ የሚባለው ትንሹ ዓሳ ይሻልሻል፣ ግን ወንድ ወንዱን ብቻ፣ ሴት ከቀላቀልሽ በየወሩ አራስ ጠያቂ ነሽ ሃሃ

አራት ኪሎ፦
ጋፒ ከሆነ ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) የግድ ነው። ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይመቸዋል፣ የህዳርና የታህሳስን ሌሊት ደሞ ታውቂዋለሽ። ለመብራቱ በባትሪ የሚሰራ ኤር ፓምፕ (ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋ) ያዢ፣ ሲጠፋ ምግብ አትስጪ፣ ከቆየ አኳሪየሙን ብርድ ልብስ አልብሺው። ውሃው እንደመጣ ድፍርሱን አሳልፊና ባልዲ ቀጂ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ ሳትከድኚ አንድ ቀን ይደር፣ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኘሽ ደሞ የበለጠ። በሳምንት ሩቡን፣ 15 ሊትር ገደማ ነው የምትቀይሪው፣ ስለዚህ ፈረቃው ያን ያህል አያስጨንቅም። ስፖንጁን ግን በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቢው፣ ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው በቃ።

የማርታ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ! ግን አንድ ወር ሙሉ ባዶ ውሃ እያየች የምትቀመጥ ልጅ የለችኝም እኮ። ቲቪ ስታንዱ ላይ ባስቀምጠውስ?

ጋፒው፦
ተክል ግዢላት፣ እሷ ትትከለው፣ የሚበቅል ነገር ካለ ትታገሳለች፣ አሞኒያም ይመጥልሻል። ስታንዱ ግን ጠንካራ ነው? ውሃው ብቻ 60 ኪሎ ነው፣ መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር አስቢው። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ጋ ከሆነ ደሞ ይቅር፣ አልጌ አረንጓዴ ያደርግብሻል።