ጢስ ጢስ የሚል ውስኪ እንዴት ነው የሚጠጣው? (ቦውሞር 15)

ሰሚት12፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። የሚስቴ ወንድም ከውጭ ሲመጣ ቦውሞር 15 ይዞልኝ መጣ፣ እኔ ደግሞ የለመድኩት ብሌንድድ (የተቀላቀለ ውስኪ) ነው በዛ ላይ በበረዶ፣ እና ትላንት ማታ ከፈትነው ገና ሲቀዳ የጢስ ሽታው ሳሎኑን ሞላው። እንደልማዴ በረዶ ጨምሬ ስቀምሰው አመድ አመድ አለኝ ሌላ ምንም አልመጣልኝም፣ እሱ ግን "ዘቢብ ዘቢብ አይልህም?" እያለ ይጠይቀኛል። ሼሪ የሚሉት የስፔን ወይን በነበረበት በርሜል ውስጥ ቆይቷል ይላል፣ ታዲያ ሼሪው የታለ? ጢሱስ ከየት ገባ? ከልቡ ያመጣልኝ ስጦታ ስለሆነ አውቄው መጠጣት ነው የምፈልገው።

ቀማሽ፦
ወንድሜ መጀመሪያ በረዶውን ተወው፣ ቅዝቃዜ ሽታውን ይዘጋዋል። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ፈልግና ትንሽ ቀድተህ 10 ደቂቃ አስቀምጠው። ስታሸት አፍንጫህን ውስጥ አትክተት፣ ራቅ አድርገህ አፍህን ገርበብ አድርገህ ሳበው። ጢሱ የበርሜሉ ይመስለኛል፣ የበርበን (የአሜሪካኖቹ ውስኪ) በርሜል ውስጡን ከሰል እስኪመስል ነው የሚያቃጥሉት።

የጠላ ቤት ልጅ፦
ቀማሽ የብርጭቆው ምክርህ ልክ ነው፣ በርሜሉ ላይ ግን ላርምህ። የተቃጠለ እንጨት የሚሰጠው ቫኒላና ካራሜል ነገር ነው፣ ይሄ ጢስ የሚገባው ብቅሉ ላይ ነው። ቦውሞር ያለው ስኮትላንድ ውስጥ አይላ ደሴት ላይ ነው ከ1779 ጀምሮ፣ እዛ ፒት የሚሉት አለ፣ ረግረግ ውስጥ ለሺ ዓመታት የተጠራቀመ የበሰበሰ ተክል ነው እንደ ኩበት አድርቀው ያነዱታል። ገብሱ ተነክሮ ሲበቅል እርጥቡን ብቅል በዛ ጢስ ያደርቁታል፣ አንዴ ከያዘው ተጠምቆም ሁለቴ ተጣርቶም ስንት ዓመት ተኝቶም አይለቅም። እናቴ ጠላ ልትጠምቅ ስትል እንስራውን ወይራ ላይ ደፍታ ታጥነው ነበር፣ ጠላው ሲቀዳ ወይራው ቀድሞ አፍንጫህ ይገባል። የእኛ የሚታጠነው ዕቃው ነው የነሱ እህሉ፣ ይሄን ሳውቅ ነው ውስኪው የገባኝ።

ሼሪው ደግሞ ኋላ ነው የሚመጣው። 12 ዓመት በርበን በርሜል ውስጥ ከቆየ በኋላ የመጨረሻውን 3 ዓመት ኦሎሮሶ የሚባለው የሼሪ ዓይነት በነበረበት በርሜል ነው ያሳለፈው። ስለዚህ ዋጥ አድርግና ቶሎ አትድገም፣ ዘቢቡም ቸኮሌቱም ጢሱ ረገብ ሲል ነው የሚወጣው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
በሻይ ማንኪያ ጫፍ ውሃ ጠብ አድርግበት፣ አልኮሉ 43 ፐርሰንት ስለሆነ ብዙ አያስፈልገውም። ክትፎ ከበላህ በኋላ ደግሞ አትሞክረው፣ ሚጥሚጣና ኮረሪማው ምላስህን ይዞት ምንም አይሰማህም፣ ባዶ የገብስ ቆሎ ግን ቆንጆ ይሄዳል። ሲጥምህ ላጋቩሊን ዲስቲለርስ ኤዲሽን የሚባለውን ሌላ የአይላ ውስኪ ቅመስ፣ እሱ የሚጨርሰው ፔድሮ ሂሜኔዝ በርሜል ውስጥ ነው፣ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ወይን የሚሰራ በጣም ጣፋጭ ሼሪ ነው፣ ጢሱም ከቦውሞር ይበረታል። ለመጀመሪያ ግን ያንተው ይሻላል።

ሰሚት12፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ትላንት ያላችሁትን አደረግኩ፣ በረዶ የለም፣ ሻይ ማንኪያ ውሃ፣ ቆሎ አጠገቤ። መጀመሪያ ያው ጢስ ነው፣ ከዋጥኩት በኋላ ግን ዝም ብዬ ስጠብቅ ምላሴ ጎንና ጎን ላይ ዘቢቡ መጣ፣ ቶሎም አልሄደ። ለአማቼ ወዲያው ደወልኩለት። ጠዋት ሚስቴ ያልታጠበውን ብርጭቆ አንስታ አሸተተችውና "ማን ነው እዚህ ቤት እንጨት ያነደደው?" አለች።