ለማስተርስ ሃንጋሪ ልሄድ ነው፣ ደስታውና ፍርሃቱ እኩል ሆነብኝ

የደሴዋ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ዘንድሮ የፉድ ሳይንስ ተመራቂ ነኝ፣ ኤግዚት ኤግዛሙን አልፌ ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም የሚባለው የሃንጋሪ መንግስት ስኮላርሺፕ ላይ አመልክቼ ደብረሰን ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ተቀብሎኛል። ሰው ሁሉ እልል አለ፣ እኔ ግን ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። በጣም የምጓጓው ለላብራቶሪው ነው፣ እኛ ዲፓርትመንት ኤችፒኤልሲ የሚባል ናሙና ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ለይቶ የሚለካ ማሽን አለ ግን ኬሚካል የለም እየተባለ ገብተን እስክንወጣ በጨርቅ እንደተሸፈነ ነው፣ ቲዎሪውን ሸምድጄ አንድ ናሙና እንኳን በእጄ አላስገባሁበትም። የሚያስፈራኝ ብሩ ነው፣ በወር 43,700 ፎሪንት ይሰጣሉ ዶርም ነፃ ነው ይላል፣ ይሄ ሰው ያኖራል? ቲኬቱንም አይሸፍኑም፣ ወንድሜ እበደራለሁ ይላል፣ ዩሮው ደግሞ እንደምታውቁት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የሚቀመስ አልሆነም። እናቴም ብቻዋን ልትቀር ነው፣ ምንም አትለኝም ግን ካሁኑ ሽሮ አስፈጭታለች ቋንጣ ሰቅላለች። ዘመድ በበኩሉ ስልክ ትልኪልኛለሽ ማለት ጀምሯል ገና ቪዛው ሳይመታ። እዛ ያላችሁ ወይ ኖራችሁ የተመለሳችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ ልሂድ ወይስ እዚሁ ስራ ይዤ ትንሽ ቋጥሬ በሌላ ዓመት ላመልክት?

ፓፕሪካ፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ እኔ አሁን ደብረሰን ነኝ። ብሩ ከ100 ዩሮ ትንሽ ከፍ ቢል ነው፣ ዶርም ካገኘሽና ራስሽ እያበሰልሽ ምስርና ፓስታ ከበላሽ ያደርስሻል፣ ከዛ በላይ አትጠብቂ። የመጀመሪያው ክፍያ ደግሞ እንደገባሽ እጅሽ ላይ ላይደርስ ይችላል ስለዚህ ለመቋቋሚያ የሚሆን ነገር ይዘሽ ነይ። አብዛኛው ልጅ የሚሰራው በተማሪዎች የስራ ማህበር በኩል ነው፣ መጋዘን ሱፐርማርኬት ምናምን ይመድቡሻል፣ ህጋዊ ነው። ግን የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ባትጀምሪ ባይ ነኝ ምክንያቱም ፈተናቸው እኛ የለመድነው አይነት አይደለም። ብዙ ኮርስ ላይ በቃል ነው፣ ርዕስ የተፃፈበት ወረቀት ታወጫለሽ፣ ጥቂት ደቂቃ ታስቢያለሽ፣ ከዛ አስተማሪው ፊት ቁጭ ብለሽ ታስረጃለሽ፣ እሱም መሃል ላይ እያቋረጠ ለምን ለምን ይልሻል። ሃገር ቤት ኤ ሲሰበስብ የነበረ ልጅ እዛ ወንበር ላይ ሲንተባተብ አይቻለሁ፣ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም አፉን አላስለመደውም እንጂ። ካሁኑ ጀምረሽ ለወንድምሽም ቢሆን በእንግሊዝኛ ጮክ ብለሽ አስረጂ። የፈተና ቀን ደግሞ ራስሽ ነሽ ኔፕቱን በሚባል ሲስተም የምትመዘገቢው፣ ካልተመዘገብሽ ማንም አይጠራሽም፣ የኛ የገና በዓል መሃል ፈተና ላይ ስለሚውል ቀን ስትመርጪ እሱንም አስቢ።

እታለም፦
እረ ቋንጣውን ያየ የለም እንዴ?? ስጋና የወተት ተዋፅኦ ከኛ ሃገር ይዞ አውሮፓ ህብረት መግባት ክልክል ነው የኔ እህት፣ ቅቤም ጭምር። ከያዙሽ ፊትሽ ላይ ነው የሚጥሉት ከዛም አልፎ ቅጣት አለው። በርበሬ ሽሮ ሚጥሚጣ ኮረሪማ ድርቆሽ ያዢ፣ በርበሬውን በላስቲክ ደራርበሽ ጠቅልይው አለዚያ ጋቢሽ ሁሉ ቀይ ይሆናል። የነሱ ፓፕሪካ የሚሉት በርበሬ (ይቅርታ ፓፕሪካ) ቀለም ነው እንጂ ወጥ አያወጣም። ለእናትሽ ቋንጣውን በሽኝትሽ ቀን እንፈርፍረው በያት።

ሬጅስትራር ያቃጠለው፦
ኮስት ሸሪንግ ከፍለሻል?? እሱን ሳትጨርሺ ኦሪጅናል ዲግሪም ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም አታገኚም፣ ወደ መጨረሻ ላይ አትተይው። ቴምፖራሪ ዲግሪ ብቻ ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ ሳትወጪ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደሽ ለወንድምሽ ውክልና ስጪው፣ ዶክመንት መቀበልና ማረጋገጥ የሚል በግልፅ ይፃፍበት፣ በደፈናው ከተፃፈ አንዱ ቢሮ አይበቃም ብሎ ይመልሰዋል። ዶክመንትሽን ትምህርትና ስልጠና ባለስልጣንና ውጭ ጉዳይ ማስመታት ካስፈለገሽም እሱው ይሮጥልሻል። በሌላ ዓመት ላመልክት ያልሽውን ግን እርሺው፣ ዘንድሮ የሰጠሽ በሚቀጥለው ዓመትም ይሰጥሻል ያለው ማነው።

ተመላሽ፦
ሁሉም ሂጂ አለ፣ እኔም አልቃወምም ግን አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ሄጄ ተምሬ ተመልሼ አሁን አስተምራለሁ። ክረምታቸው ከባድ ነው፣ ታህሳስ ላይ አስር ሰዓት ሲል ጨለማ ነው፣ ቢሆንም ይለመዳል። ያልለመድኩት ስመለስ እዚህ ያገኘሁትን ነው። የተማርኩበት ማሽን እዚህም አለ፣ ኬሚካሉ ነው የሌለው፣ አንቺ በጨርቅ ተሸፍኗል እንዳልሽው ማለት ነው። ስለዚህ ቴሲስ ስትመርጪ የአስተማሪሽን ፕሮጀክት ዝም ብለሽ አትቀበይ፣ ጤፍ በይ፣ የእንጀራ እርሾ በይ፣ የሽሮ ማከማቻ በይ፣ ሃገር ቤት ስትመለሺ በቀላል እቃ የምትቀጥይው ነገር ይሁን። ዘመድ ስልክ ሲልሽ ደግሞ ብሩን በቁጥር ንገሪያቸው፣ አያምኑሽም ግን ንገሪያቸው።

የደሴዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ውክልናው ጭራሽ ትዝ አላለኝም ነበር ሰኞ እሄዳለሁ። ጋሽ ተመላሽ የእርሾውን ነገር ወደድኩት፣ እዛ ላብራቶሪ ያስገቡኛል ብለው ነው? አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ፓፕሪካ ቲኬት በየት በኩል ይሻላል?

ፓፕሪካ፦
በአየር መንገዳችን ቪየና ወርደው ከዛ በባቡር ቡዳፔስት የሚገቡ አሉ፣ ከቡዳፔስት ደብረሰን ደግሞ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከሻንጣ ጋር አድካሚ ነው ግን ዋጋውን አወዳድሪ። ቪዛው ሳይመታ ግን ቲኬት እንዳትቆርጪ፣ እንቁጣጣሽን ቤት አሳልፌ ልምጣ ካልሽም ምዝገባውና ኦሪየንቴሽኑ መቼ እንደሆነ መጀመሪያ በኢሜይል ጠይቂያቸው።