ለጥምቀት ቀረጻ ካምኮርደሩ ላይ የትኛውን ላጥፋ፣ የትኛውን ልተው?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፋሲል መዋኛ ላይ የቀረጽኩት የጥምቀት ቪዲዮ ነጠላው ሁሉ ነጭ ወረቀት መስሏል፤ ጥለቱ አይለይም። ዙም ያደረግኩት ይንቀጠቀጣል፣ ከበሮው ሲመታ ድምፁ ይሰነጠቃል። ሁሉም አውቶ ላይ ነበር። ለመጪው ጥር 11 ምኑን ልቀይር?

ባለትሪፖዱ፦
ነጠላውን ያበላሸው አውቶ ኤክስፖዠር (ብርሃኑን በራሱ የሚመጥነው) ነው ወንድሜ። ግንቡን የያዙት የዛፍ ሥሮች ጥላ ውስጥ ናቸው፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ካሜራው ጥላውን አይቶ አይሪሱን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ሲከፍት ነጠላው ይነድዳል፤ ወደ ነጩ ስታዞረው ደግሞ ፊት ይጠቁራል። ዜብራን (በጣም የበራውን ቦታ ስክሪኑ ላይ በመስመር የሚያሳየውን) 100 ላይ አብራ። ሰያፍ መስመር የሚታይበት ቦታ ሁሉ ዝርዝሩ ጠፍቷል ማለት ነው። መስመሮቹ ከነጠላው ላይ ለቅቀው የጃንጥላዎቹ ወርቃማ ዘርፍ ላይ ብቻ እስኪቀሩ አይሪሱን ዝጋ፣ ከዚያ ቆልፈው። አንዳንድ መመሪያ ዜብራውን 70 አድርገህ በሰው ፊት ላይ ለካ ይላል፤ ያ የተሰላው ለነጭ ቆዳ ነው። የእኛን ፊት 70 ካደረስከው ነጠላው አለቀለት።

በሰከንድ 25 ፍሬም ስትቀርጽ ሸተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይሁን። ብርሃኑ ከበዛ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ግጠም እንጂ ሸተሩን አታፍጥነው፤ ሽብሸባው ቁርጥርጥ ይላል።

ጽናጽል፦
የድምፁ አውቶ ጌይን (መጠኑን በራሱ የሚያስተካክለው) ከበሮው በተመታ ቁጥር ድምፁን ያወርድና ይመልሳል፤ ዝማሬው እየሰመጠ የሚወጣው ለዚህ ነው። ማንዋል አድርገህ፣ ከበሮው ጠንክሮ ሲመታ የድምፅ መለኪያው -6 ዲቢ (ዴሲቤል) አካባቢ እንዲደርስ አስተካክል። 0 ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ በኤዲቲንግ አይመለስም። መለኪያው ዝቅ ብሎም ከተሰነጠቀ ማይኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ እየተቀበለ ነውና ከከበሮው ራቅ በል። ለነፋስ የሚበራውን ሎው ከት እዚህ አጥፋው፤ ከነፋሱ ጋር የከበሮውን ወፍራም ድምፅ ይወስዳል። ይልቅ ማይኩን ጸጉራም ሽፋን አልብሰው።

ቀጥታ፦
ዲጂታል ዙምን ከሜኑ አጥፋ፤ ፒክስል ከመለጠጥ ሌላ ሥራ የለውም። ትሪፖድ ላይ ስትሆን ስታቢላይዘሩንም (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋውን) አጥፋ። ካሜራውን ቀስ ብለህ ስታዞር ምስሉን ሊይዝ ይታገልና መጨረሻ ላይ ይዘልልሃል።

የአዘዞ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥስ? ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት አሸዋ የተበተነባቸው ይመስላሉ።

ባለትሪፖዱ፦
እሱ የምስሉ ጌይን (ጨለማ ሲሆን ምስሉን በኤሌክትሮኒክ የሚያደምቀው) ነው። ገደቡን 9 ዲቢ አድርግ። ዙም ሲጨመር ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ስለሚቀንስ ሰፊው ላይ ሁን። ትሪፖድ ከተፈቀደልህ ሸተሩን 1/25 አውርደው፤ ሥዕል ስለማይንቀሳቀስ አይጎዳም። ናይት ሾትን (የጨለማ መቅረጫውን) ግን እንዳትነካው፤ በኢንፍራሬድ ስለሚያይ ያንን ሁሉ ቀለም አረንጓዴ ያደርገዋል።