መሸጫው ያሠራው በር አረፋ አወጣ፤ ነገ 3 ሰዓት አምጣው ይላሉ፣ ልስጣቸው?

ባለቪትዝ (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ቪትዝ ከመኪና መሸጫ ገዛሁ። የግራ የፊት በሩና ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ሽፋን) ተመትቶ ስለነበር አሠርተው አስረከቡኝ። በአምስት ሳምንቱ በሩ ከታች አረፋ አወጣ፣ ፓራፋንጎው ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለው፣ ፀሐይ ላይ ሲቆም ቀለሙ ከሌላው ይለያል። "ዝናብ ነው፣ ፖሊሽ እናደርግልሃለን፣ ነገ 3 ሰዓት አምጣው" አሉኝ። ልስጥ?

ጨዋታ አዋቂ፦ ኩፍኝ ነው ወንድሜ፣ እስኪወጣላት ብርድ እንዳታስመታት።

የመርካቶ ልጅ፦ ፖሊሽ አያድነውም። እንደገና ይቀባ።

ፎርኖ 60፦ መቀባት ብቻማ ያው ነው። ፖሊሽ የሚነካው የላይኛውን ክሊር (አንጸባራቂውን ልባስ) ነው፣ አረፋው ግን ከሥር ነው የመጣው። ስቱኮ (ስርጉዱን የሚሞሉበት ልጥፍ) ውኃ ይጠጣል፤ በውኃ ሞርደው (በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው) ሳይደርቅ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚነፋውን ሥረ ቀለም) ነፍተውበታል፣ ወይ ዝገቱን ሳያጸዱ ስቱኮ ለጥፈውበታል። ፎቶ አንሳና አንዱን አረፋ በመርፌ ውጋው። ውኃ ከወጣው የታመቀ እርጥበት፣ ቡናማ ዱቄት ከወጣው ዝገት ነው። ስንጥቁ ደግሞ የስቱኮ ብዛት ይመስለኛል። ላሜራው ተቀጥቅጦ ከተስተካከለ ስቱኮው ከ3 ሚሊ ሜትር አያልፍም። የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ጋራዥ ሂድ፦ የፋብሪካ ቀለም ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (1,000 ማይክሮን 1 ሚሊ ሜትር ነው) አካባቢ ነው፣ ከ1,000 በላይ ካሳየህ ስቱኮ ነው የገዛኸው።

ጨዋታ አዋቂ፦ በኪሎ ስንት ሸጡልህ?

እውነቱን ልንገርህ፦ ያገለገለ መኪና ገዝተህ፣ አይተህ፣ ፈርመህ ተረክበህ አሁን ምን ትላለህ? በ5 ሳምንት ውስጥ አንተ አለመጋጨትህን ማን ያውቃል?

የመርካቶ ልጅ፦ እንደገና ይቀባ አልኩ እኮ።

መዝገብ ቤት፦ ተጋጭቶ ቢሆን ላሜራው ይጎዳ ነበር እንጂ ከታች አያብጥም። ፊርማውም ሁሉን አይዘጋም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ ለጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል፤ ገዢ ግን ሲረከብ መመርመር፣ የተደበቀውንም ሲያገኝ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። ስልክ ብቻ አይበቃም። ደብዳቤ በሁለት ቅጂ አድርግ፦ የሻንሲ ቁጥር፣ የርክክብ ቀን፣ የጉድለቱ ዝርዝር። አንዱን አስፈርመህ ያዝ፣ እምቢ ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ላክ። መኪናውን ከመስጠትህ በፊት የሌላ ጋራዥ የጽሑፍ ግምት ይኑርህ። አንዴ ከፋቁት ማስረጃህ አቧራ ሆነ ማለት ነው። ቀሪ ክፍያ አለብህ?

ባለቪትዝ፦ አዎ፣ 60 ሺህ ብር፣ ስም ሲዞር ልከፍል። ረስቼው ነው።

መዝገብ ቤት፦ ይህንን ነበር መጀመሪያ መናገር! ዝም ብለህ አትያዝ፣ "ጥገናው እስኪስተካከል" ብለህ በዚያው ደብዳቤ ጻፈው። አለበለዚያ ውል አፍራሽ አንተ ትሆናለህ።

ፎርኖ 60፦ ከሰጠሃቸው ሥራውን ዘርዝረህ አስፈርም፦ እስከ ላሜራው ተፍቆ፣ ዝገቱ ወጥቶ፣ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ቀጭን ስቱኮ፣ በደረቅ ብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው 80፣ 180፣ 320፣ ከዚያ ባለ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ፕራይመር። ከ80 ወደ 400 የዘለለ ሠራተኛ ጭረቱ ከወር በኋላ ይታያል። ከተቀባ በኋላ ፎርኖ (የቀለም ማድረቂያ ክፍል) ውስጥ በ60 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት። ደግሞ የበሩን የታች ጠርዝ እይ፣ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በስቱኮ ተደፍነው ከሆነ ምንም ቢቀቡት ያብጣል። ቀለሙ ምንድን ነው? ሲልቨር ከሆነ በኮዱ ቢበጠብጡትም በቲነሩ መጠንና በአነፋፉ ይለያል፤ ልዩነቱ እንዳይታይ ቀለሙን ወደ ኋላ በር እያሳሱ መበተንና ክሊሩን ሙሉ መንፋት አለባቸው።

እውነቱን ልንገርህ፦ ለቪትዝ ይህን ያህል?

ፎርኖ 60፦ ባለቪትዝ፣ ቀዳዳዎቹን አየህ?

የመርካቶ ልጅ፦ 3 ሰዓት አለፈ እኮ። ሰጠሃቸው?