ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ክፍል የተመለሰ ተማሪ፦ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት እንከታተል?

ጠያቂ፦ የምክር ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ላይ ለሚሠራ ሰው የሚሆን ተግባራዊ መልስ ፈልጌ ነው። በባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚግልበት፣ አንዴ በድባቴ የሚወድቅበት ሕመም) ወይም በከባድ ድባቴ ታሞ፣ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ስለነበረው ሆስፒታል የተኛ የ16 ወይም የ17 ዓመት ተማሪ ወደ ክፍል ሲመለስ መምህራን «አሁንማ ተሽሎታል፣ ነገሩን አትቀስቅሱበት» ይላሉ። ወላጆችም ከተጠየቀ ሐሳቡ ይመለስበታል ብለው ይሰጋሉ። በቀጥታ እንጠይቀው ወይ? ከጠየቅንስ በምን ቃል? መድኃኒቱን በተመለከተስ ምን እንወቅ?

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ

የሚያዘናጋን «ተሽሎታል» የሚለው ነው። አደጋው ከፍ ከሚልባቸው ጊዜያት አንዱ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያለው ነው፤ በተለይ የመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዚያም እስከ ሦስት ወር። ዎርድ ውስጥ የነበረው የ24 ሰዓት ክትትል በአንድ ቀን ይቆማል፤ ያመለጠው ፈተናና የቤት ጭቅጭቅ እዚያው ይጠብቀዋል። ደግሞም ጉልበት ከተስፋ ቀድሞ ሊመለስ ይችላል። መብላትና መሳቅ ስለጀመረ ብቻ ዳነ አትበሉ።

በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ይህ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። የሚያበላሸው አጠያየቁ ነው። «እንዲህ ያለ ነገር አታስብም አይደል?» ማለት «አላስብም በል» ብሎ ማዘዝ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኢንስቲትዩት ለወጣቶች ያዘጋጀው መጠይቅ አራት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ ይዘቱ በእኛ አነጋገር ይህን ይመስላል፦ ባለፉት ጥቂት ሳምንታት ምነው በሞትኩ ብለህ ተመኝተሃል? አንተ ባትኖር ለአንተ ወይም ለቤተሰብህ የሚሻል መስሎህ ነበር? ባለፈው ሳምንት ራስህን ስለማጥፋት አስበሃል? ከዚህ በፊትስ ሞክረህ ታውቃለህ? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለ አምስተኛው ይከተላል፦ አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ሐሳቡ አለህ?

ለአምስተኛው «አዎ» ካለ ለደቂቃም ለብቻው አይተው፤ ወላጅ ይጠራ፣ አብሮት ሰው ሆኖ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ለአምስተኛው «የለኝም» ቢልም በዚያው ቀን ባለሙያ ሳያየው አይሸኝ።

ስትጠይቁት ጓደኞቹም ወላጆቹም አይኑሩ። «ምሥጢርህን ለማንም አልነግርም» ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ፤ ከመጀመሪያው «ሕይወትህን የሚያሰጋ ነገር ከሰማሁ ለሚረዳህ ሰው እናገራለሁ» በሉት።

ልጆቻችን «ድባቴ ይዞኛል» ላይሉ ይችላሉ። «ሰለቸኝ»፣ «ሸክም ሆንኩባቸው»፣ «በተኛሁበት በቀረሁ» ይላሉ፤ አንዳንዱ ራስ ምታትና የሆድ ሕመም ብቻ ነው የሚናገረው። ከሁሉም በላይ እንቅልፉን ጠይቁ። የባይፖላር ታማሚ ሌሊት አልተኛ ካለ፣ ቁጭ ማለት ካቃተው፣ ሐሳቡ እየሮጠ ደግሞ የሚያለቅስና የሚቆጣ ከሆነ ድባቴውና ማኒያው (ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ የሚግሉበት ሁኔታ) አንድ ላይ መጥተው ይሆናል። ተስፋ መቁረጥና ጉልበት የሚገናኙበት ስለሆነ በጣም ከሚያሰጉት ሁኔታዎች አንዱ ነው። መምህራን ግን ብዙ ጊዜ እንደ ብልግና ቆጥረው ልጁን ከክፍል ያባርሩታል።

መልስ፦ ፋርማሲስቱ

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2004 እ.ኤ.አ. በፀረ ድባቴ መድኃኒቶች ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አስቀምጧል፤ በ2007 ደግሞ እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች አስፍቶታል። መነሻው በልጆችና ታዳጊዎች ላይ የተደረጉ 24 የመድኃኒት ሙከራዎችን ያጣመረ ትንተና ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ባሕርይ መድኃኒቱን ከወሰዱት ልጆች 4 በመቶ ገደማ፣ ማስመሰያ እንክብል ከወሰዱት 2 በመቶ ገደማ ላይ ታይቷል፤ በእነዚያ ሙከራዎች ራሱን አጥፍቶ የሞተ ልጅ ግን አልነበረም። ብዙ ወላጅ ግማሹን ሰምቶ ክኒኑን ይጥላል። መልእክቱ ሲጀመርና መጠኑ ሲቀየር ልጁን በቅርብ ተከታተሉ ነው።

ፍሉኦክሰቲን የሚባለው ፀረ ድባቴ ለታዳጊ ብዙውን ጊዜ በ10 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ወደ 20 ይወጣል። ስሜቱ እስኪሻሻል ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ቁንጥንጥነትና እንቅልፍ ማጣት ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር በየሳምንቱ ይታይ። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው ሌላው ፀረ ድባቴ ርካሽ ስለሆነ ይታዘዛል፤ ለታዳጊ ድባቴ ጥቅሙ አልተረጋገጠም፣ ደህንነቱም ያነሰ ነው፤ ሐኪሙን ጠይቁ። ባይፖላር ያለበት ልጅ ደግሞ ፀረ ድባቴ ብቻውን ከተሰጠው ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል። በቤተሰቡ ባይፖላር የታመመ ሰው ካለ ሐኪሙ ማወቅ አለበት፤ «ስማችን ይነሳል» ተብሎ ሲደበቅ የተሳሳተ መድኃኒት ይታዘዛል።

ሊቲየም (ለባይፖላር የሚታዘዝ ስሜት አረጋጊ መድኃኒት) ራስን የማጥፋት አደጋን በመቀነስ ብዙ ማስረጃ የተሰበሰበለት ነው፤ ግን በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። በደም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ይፈለጋል። ደሙ የሚቀዳው ከመጨረሻው ክኒን 12 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ጠዋት ውጦ ላብራቶሪ የሄደ ልጅ የማይረባ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ተቅማጥ፣ ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት መጾም፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች በደም ውስጥ ያለውን የሊቲየም መጠን ከፍ ያደርጉታል። ከዐቢይ ጾም በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባትንም አነጋግሩ። እጁ ክፉኛ ከተንቀጠቀጠ፣ ከተንገዳገደ ወይም ከተኮላተፈ ቀጣዩን ክኒን ሳይውጥ ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ። ደህና ነኝ ብሎ በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆም ደግሞ አደጋውን መልሶ ያንረዋል።

ማንኛውም መድኃኒት በወላጅ እጅ፣ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ፤ ከተቻለ የአንድ ሳምንት ብቻ ይገዛ። የአያት ክኒኖችና የቤት ኬሚካሎችም እንዲሁ።

ጠያቂ፦ የምክር ክፍል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጸበል ሲገቡ መድኃኒት ለሚያቆሙትስ? ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ የሚጻፍበት፣ የደህንነት ዕቅድ የሚባለውስ ወረቀት ይሠራል?

መልስ፦ ሳይኮሎጂስት ከቨርጂኒያ

ጸበልና ክኒንን አታማርጧቸው። ካማረጣችኋቸው ቤተሰቡ የትኛውን እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። ክኒኑን አስታማሚው ይያዘው፣ ሰዓቱ አይዛነፍ፤ ቀጠሮውም ከጸበሉ ቀናት ጋር ተያይዞ ይያዝ።

ዕቅዱ ስታንሊና ብራውን የሚባሉ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ነው። ከስልክ ክትትል ጋር ሲሰጥ በስድስት ወር ውስጥ ራስን የማጥፋት ባሕርይ በግማሽ ገደማ እንዳነሰ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ ጥናቱ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ መሆኑን ግን ልብ በሉ። ስድስት ክፍል አለው፦ ሐሳቡ መምጣቱን የሚያውቅበት ምልክት፣ ብቻውን ሊያደርገው የሚችለው፣ ሐሳቡን የሚያስረሱት ሰዎችና ቦታዎች፣ ችግሩን የሚነግራቸው ሰዎች፣ የባለሙያና የድንገተኛ ስልኮች፣ በመጨረሻም አደገኛ ነገሮችን ከአካባቢው ማራቅ። ስድስተኛውን ለልጁ ብቻ አትተዉት፤ ወላጅ ነው የሚሠራው።

ወረቀቱ የሚከሽፈው አዋቂ ሲሞላው ነው። «ስፖርት መሥራት» የሚለው መስመር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ምን ይረባል? በዚያ ሰዓት ምን ማድረግ እንደሚችል እሱ ይናገር፣ በራሱ ቃል ይጻፈው፣ ፎቶ አንስቶ ስልኩ ውስጥ ያስቀምጠው። «ይህን የማድረግ ዕድልህ ከአሥር ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከአምስት በታች ካለ ሌላ ይፈለግ። «ራሴን አልጎዳም» ብሎ ማስፈረም የዚህ ምትክ አይሆንም፤ የሚከላከል ለመሆኑ ማስረጃ የለውም።

ስልኮች፦ አሜሪካ 988 (ወላጅ በአስተርጓሚ መነጋገር ይችላል)፣ እንግሊዝ 116 123፣ እስራኤል 1201። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ ላሉ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ ሌላ ቦታ ያላችሁ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። አምቡላንስ የሚዘገይበት ሰፈር ከሆነ መኪና ያለው ጎረቤት ስልክም ዕቅዱ ላይ ይግባ።