የአባቴ ሰዓት ዓረብኛው ጠፋበት። ካፖርቱስ ይጥበብ ወይስ ይቅር?

የመንቲናዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ፣ አንዱ ስለ ልብስ፣ አንዱ ስለ ሰዓት። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አባቴ አላህ ይማረውና ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ወር እናቴ ቁም ሳጥን ስታጸዳ "ይሄን ለሰው ልስጠው ወይስ ትወስጂዋለሽ?" አለችኝ። ግራጫ የሱፍ ካፖርት ነው። ጅማ ላይ ካፖርት ምን ያደርጋል እንዳትሉኝ። አባቴ ቡና ነጋዴ ነበር፤ ከአጋሮ ሌሊት ከጭነት መኪና ጋር ሲመለስ ይለብሰው ነበር። ጅሬን ቤተ መንግሥቱ በር ላይ የተነሳው ፎቶ አለን፣ እዚያም ላይ ይሄንኑ ካፖርት ነው የለበሰው። ፀሐይ ፊቱን አጨማዶታል፣ ካፖርቱ ግን አልወለቀም።

ውስጥ ኪሱ ውስጥ ደግሞ ሰዓቱ በመሀረብ ተጠቅልሎ ተገኘ። ሴይኮ 5። በ1972 ዓ.ም. እንደገዛው ሁልጊዜ ይነግረን ነበር።

ካፖርቱን አንድ ክረምት ሙሉ ማንም አልነካውም፣ ስለዚህ አንገትጌው ስር ነጭ ሻጋታ ይዟል፣ ሽታውም አለ። ትከሻው ይሰፋኛል፣ እጅጌው ጣቶቼን ይሸፍናል። ላስጠብበው? ወይስ ነገሩን ማበላሸት ይሆናል?

ሰዓቱ ግን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ቆሞ ስለነበር አንድ ሰዓት ሠሪ ጋ ወሰድኩት። በአራተኛው ቀን እየሠራ መለሰልኝ። ደስ ብሎኝ አሰርኩት። ጁምዓ ቀን ሳየው የቀኑ ስም በእንግሊዝኛ ነው። የአባቴ ሰዓት ቀኑን የሚጽፈው በዓረብኛ ነበር! በዚህ አልሳሳትም፤ ፊደሉን መጀመሪያ የለየሁት ከዚያች ትንሽ መስኮት ላይ ነው። ሆዱን ቀይሮብኝ ይሆን? ሄጄ ልጣላ ብዬ ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥቼ ተመልሻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጓደኞቼ "ሰልባጅ ለባሽ" እያሉ ይስቁብኛል። አዲስ ጃኬት ሦስት አለኝ። ጠዋት ግን እጄ ወደ አሮጌው ይሄዳል። የአባቴ ስለሆነ ነው እንዳልል፣ ባለፈው ሂርማታ ገበያ ከማላውቃት ሴትዮ የገዛሁት አሮጌ የቆዳ ቦርሳም እንዲሁ አድርጎኛል። ሲዘጋ "ቀጭ" የሚል የብረት መቆለፊያ አለው። ያንን ድምፅ ለመስማት ብቻ እከፍተዋለሁ። እናንተንስ እንዲህ ያደርጋችኋል?

የቦንዳ ልጅ፦

ሲስ፣ ሳቃቸውን ተያቸው። እኔ ቦንዳ ስፈታ ያደግኩ ነኝ። "ሰልባጅ" ስትዪው 200 ብር የሚከራከርሽ ሰው፣ "ቪንቴጅ ነው" ስትዪው ዝም ብሎ ይከፍልሻል። ልብሱ ያው ነው። አባቶቻችን ያወለቁትን ቤልቦተም አሁን የዩኒቨርሲቲ ልጆች እየተሻሙ ነው የሚወስዱት።

ግን ከምሬ አንድ ነገር ልንገርሽ። ቦንዳ ውስጥ አሮጌውን የምለየው በእጄ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን። ይከብዳል። ዚፑ ብረት ነው። ቁልፉ በክር ተጠምጥሞ አንገት ተሠርቶለታል። ከዚያ ውስጡን ገልጬ ምልክቱን አያለሁ። "ሜድ ኢን ዌስት ጀርመኒ" ወይም "ዩጎዝላቪያ" የሚል ካገኘሁ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ፤ ምዕራብ ጀርመን የሚባል አገር እንደ ፈረንጅ ከ1990 ወዲህ የለማ! የአባትሽ ካፖርት ምልክት አለው? ካለው ጻፊልን።

ልትሸጪው ካሰብሽ ደግሞ እኔ አለሁ 😀

የመንቲናዋ፦

አይሸጥም 😀 ምልክቱ ተነቅሏል፣ የክሩ ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው። አባቴ አንገቱን ስለሚያሳክከው ይነቅለው ነበር፣ የሁሉንም ልብሱን።

ባለሲንጀሩ፦

ልጄ፣ እንኳን ጠየቅሽ። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፣ አሁን ዓይኔ ደክሞ ልጆቼ ናቸው የሚሰፉት። እንደ አባትሽ ያለ ካፖርት በእጄ ብዙ አልፏል።

ከሻጋታው እንጀምር። ሙቅ ውኃ እንዳታስነኪው። ሱፍ በሙቅ ውኃ ከታሸ ፀጉሩ እርስ በርሱ ይያያዝና ይኮማተራል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም። ፀሐይ በወጣ ቀን ደጅ አውጥተሽ ገልብጠሽ ስቀዪው። ሲደርቅ በብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥረጊው፣ ደጅ ሆነሽ፣ አፍንጫሽን ሸፍነሽ። ለቀረው ሽታ ኮምጣጤ በውኃ አቅጥነሽ በጨርቅ ነካ ነካ አድርጊው። የጅማ ክረምት ለሱፍ ጠላት ነው፤ ሳጥን ውስጥ አጥፈሽ አታስቀምጪ፣ አየር ያግኝ። ብል እንዳይገባው ደግሞ እናቴ አሪቲ ታደርግበት ነበር። እኔ ናፍታሊን አደርጋለሁ። የእሷ ይሻላል፣ ሽታው ሰው አያባርርም።

እውነት ሱፍ መሆኑን ለማረጋገጥ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር መዘሽ አቃጥዪ። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተሽና አመዱ በጣትሽ ከደቀቀ ሱፍ ነው። ቀልጦ እንደ ዶቃ ከጠነከረ ፖሊስተር አለበት።

አሁን ወደ ማጥበቡ። ሰፊ ጋ ከመሄድሽ በፊት ደረቱ ላይ ጨርቁን በሁለት ጣት ቆንጥጠሽ ከገበሩ ለይተሽ ሳቢው። በመሀል ሦስተኛ ነገር ሲንሸራተት ከተሰማሽ፣ እሱ በስፌት የተያዘ ካንቫስ ነው፣ የካፖርቱን ቅርጽ የሚይዘው የውስጥ ጨርቅ። በዛሬዎቹ ብዙዎቹ ላይ በካውያ የሚጣበቅ ነው የሚገባው፤ ሲታጠብ ሲታጠብ ላዩ እንደ አረፋ ሊያብጥ ይችላል። ካንቫስ ካለው ውድ ዕቃ ነው፣ ለጀማሪ ሰፊ አትስጪው።

ትከሻውን አትንኪ። ትከሻ ማፍረስ ቤት ማፍረስ ነው። ለሴት ልጅ ትከሻው ወደቅ ያለ ካፖርት ያምራል፣ እንዲያውም ፋሽኑ እሱ ነው አሉ። ጎንና ጎኑን አስጠብቢ፣ እጅጌውን አሳጥሪ። ግን ስሚኝ፦ መቀስ አይግባበት። ትርፉ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፣ ይሰፋ፣ ይቀመጥ። ሰፊው "ይወፍራል፣ ልቁረጠው" ይልሻል። እንቢ በዪው።

ለምን እንደምትወጂው ጠይቀሻል። እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። ጎኑን ስትፈቺው ሦስት ጣት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ታገኛለሽ። ያ ጨርቅ ከውጭ አይታይም፣ ማንም አያመሰግንበትም። የሰፋው ሰው ግን ባለቤቱ ነገ ይወፍራል፣ ወይም ልጁ ይለብሰዋል ብሎ ትቶታል። የዛሬውን ፍቺው፣ የጣት ጥፍር ያህል ነው። ጨርቅ ተቆጥቦበታል፣ ለነገ ምንም አልተተወም። እጅሽ ወደ አሮጌው የሚሄደው ይሄንን አውቆ ይመስለኛል።

ሰዓት ሠሪው፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ሰውዬ አትጣዪው። ምንም ላይወስድብሽ ይችላል።

ከጀርባው ያለውን ቁጥር ጻፊልኝ። አራት ቁጥር፣ ሰረዝ፣ አራት ቁጥር የሆነ አለ። ከእሱ ሌላ ደግሞ ስድስት አሃዝ ያለው ተከታታይ ቁጥር አለ።

የመንቲናዋ፦

የመጀመሪያው 7009 ብሎ ነው የሚጀምረው። ስድስት አሃዙ 95 ብሎ ይጀምራል። እናመሰግናለን ጋሼ ባለሲንጀሩ፣ ቆንጥጬ አየሁት፣ የሚንሸራተት ነገር አለ! ክሩንም አቃጠልኩት፤ እናቴ ከጓዳ ሆና "ፀጉርሽ ተቃጠለ እንዴ?" ብላ ጮኸች።

ሰዓት ሠሪው፦

ጥሩ። 7009 የሆዱ ዓይነት ነው። በተከታታይ ቁጥሩ የመጀመሪያው አሃዝ የዓመቱ መጨረሻ ቁጥር ነው፣ ሁለተኛው ወሩ። 9 እና 5 ማለት እንደ ፈረንጅ 1979 ወይም 1989፣ በሜይ ወር። አባትሽ በ1972 ገዛሁት ካለ 1979 ነው። በእኛ ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት 1971። ተሠርቶ አባትሽ እጅ እስኪገባ ዓመት ተኩል ያልሞላው ነው፣ የአባትሽ ቃል ትክክል ነው።

አሁን ዓረብኛው። ወደ ዓረብ አገርና ወደዚህ አካባቢ የመጡት ሴይኮዎች የቀን ክባቸው ላይ ሁለት ቋንቋ አለ። ክቡ ላይ ያለው ሰባት ስም አይደለም፣ አሥራ አራት ነው። አንዱ እንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ ያው ቀን በዓረብኛ፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ይዞራል። በየቀኑ ሁለት እርምጃ ስለሚሄድ አንዴ በመረጥሽው ቋንቋ ላይ ይቆያል። ሰዓት ሠሪው ሲያጸዳ ፈቶ ሲገጥም በእንግሊዝኛው ላይ አቁሞት ይሆናል። አንድ እርምጃ ብትገፊው ዓረብኛው ይመጣል።

ግን ከመንካትሽ በፊት ዘንጎቹን ወደ 6 ቁጥር አውርጂያቸው። ከ9 እስከ 3 ባለው መሀል ሳሉ ቀን ከቀየርሽ ጥርሱ ሊሰበር ይችላል። ይሄ አብዛኛው ሰው የሚያበላሽበት ቦታ ነው።

ሌላም ልምከርሽ። መሙያዋን ብታዞሪያት አይሞላም፣ የሚሞላው እጅሽ ሲንቀሳቀስ ነው። ቆሞ ካገኘሽው ሃያ ሠላሳ ጊዜ በቀስታ ወዝውዢው። ፊቱን "አዲስ ላድርግልሽ፣ ቀለም ልቀባልሽ" የሚል ከመጣ አትስጪ። ገበያው በተቀቡ ፊቶች ተሞልቷል፣ አንዴ ከተቀባ የድሮው አይመለስም። ጀርባውን በማሽን ማስወልወልም ይቅርብሽ፣ ያነበብኩልሽ ቁጥር የሚጠፋው በዚያ ነው።

አንድ ጥያቄ እኔም ልጠይቅ። አባትሽ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነበር የሚሞላው?

የመንቲናዋ፦

በእኛ። አሁን ሳስበው ነገሩ ገባኝ!

ልጅ ሆኜ አባቴ "ይቺ ሰዓት ከመግሪብ በኋላ ትንሽ ፈረንጅ ትሆናለች" ይለኝ ነበር። ማታ ስናየው እውነትም እንግሊዝኛ ነው፣ ልተኛ ስል ዓረብኛ ሆኖ አገኘዋለሁ። አባቴ የሚቀልድብኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ክቡ በእንግሊዝኛው በኩል እያለፈ ነው።

ደግሞ ሆን ብሎ ነው የሚያስተካክለው። ቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳይሆን ማታ 12 ሰዓት ላይ እንዲዞር። ሐሙስ መሽቶ መግሪብ ሲገባ ጁምዓ ገባ ማለት ነዋ። አንድ ክፉ ጎኑ የእኛ ወር 30 ስለሆነ በየወሩ 31ን መዝለል አለበት። ጳጉሜን ላይ ደግሞ እስከ 5፣ በየአራት ዓመቱ እስከ 6፣ ደርሶ እንደገና ከ1 ይጀምራል። ዘመን መለወጫ ዋዜማ መሙያዋን ሲጠመዝዝ የሚያጉረመርመው አይረሳኝም።

የቦንዳ ልጅ፦

እና ሰዓት ሠሪውን ይቅርታ ጠየቅሽው?

የመንቲናዋ፦

አልተጣላሁትማ፣ ምን ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ? ግን ዛሬ በሱቁ ፊት ሳልፍ ሰላምታዬን ረዘም አደረግኩት። ግራ ገባው።

ካፖርቱን ለአንድ ሽማግሌ ሰፊ ሰጠሁ። ልክ እንዳሉት "ልቁረጠው" አለኝ፣ እንቢ አልኩ፣ ተከራከርን፣ ተስማማን። ጎኑን ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ትርፉ ሦስት ጣት አልሞላም፣ ሁለት ተኩል ነው። ፀሐይ ስላላገኘው ቀለሙ ከውጩ ይጠቁራል። አባቴ ሲገዛው እንደዚያ ነበር ማለት ነው።

ሰዓቱን ትናንት ሐሙስ አስተካከልኩት። ዘንጎቹን መጀመሪያ 6 ላይ፣ እንዳሉኝ። መግሪብ ሲል እኔና እናቴ መስኮቷ ላይ አፍጥጠን ተቀመጥን። ቀስ እያለ እንግሊዝኛው መጣ። እራት በላን፣ ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ጁምዓ በዓረብኛ ወጣ።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችውና "አባትሽ እኮ ሁልጊዜ ሦስት ደቂቃ ያስቀድመው ነበር" አለችኝ።

አስቀደምኩት።