ጥቅል ኃይሉ ዜሮ ከሆነ ሚኒባሱ እንዴት ይሄዳል?

የ9ኛ ክፍል ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር አልገባኝም። ሚኒባስ ቀጥ ባለ ሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ከሄደ ጥቅል ኃይሉ፣ ማለትም በላዩ ላይ ያሉት ኃይሎች ሁሉ ድምር፣ ዜሮ ነው ተባልን። ታዲያ ሹፌሩ ለምን ነዳጅ ይረግጣል?

መካኒክ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ዜሮ ማለት ኃይል የለም ማለት አይደለም፣ ተካክሏል ማለት ነው። በሞተሩ የሚዞረው ጎማ መኪናውን ወደፊት ያስኬደዋል፣ አየሩና ሰበቃው ደግሞ ወደኋላ ይይዙታል። ወደፊት 500 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው)፣ ወደኋላም 500 ኒውተን ነው እንበል። ፍጥነቱ አይለወጥም። እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ የኋላው ያሸንፍና ቀስ እያለ ይቆማል። አጥብቀህ ስትረግጥ ይፈጥናል፣ ግን ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊትም እየከበደ ስለሚሄድ ከፍ ባለ ፍጥነት ላይ እንደገና ይመጣጠናሉ።

ፊዚክስ ወዳድ፦
ብዙዎቻችን ለመሄድ የግድ ኃይል የሚያስፈልግ ይመስለናል። ኃይል የሚያስፈልገው እንቅስቃሴን ለመለወጥ ነው! ቮዬጀር 1 የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1977 ተመንጥቃ ዛሬም በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለች፣ ከኋላ የሚገፋት ሮኬት ሳይኖር። እዚያ የሚይዛት አየር የለም፣ የፀሐይ ስበትም ከዚያ ርቀት በጣም ደካማ ነው።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ፦
አሁን ገባኝ፣ ተባረኩ! ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደፊት የምንወረወረውስ?

መካኒክ፦
ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ነው፣ አንተን አይደለም። ቀበቶው ወይም የፊተኛው ወንበር እስኪይዝህ ድረስ በዚያው በ60 ትቀጥላለህ።